የአኩራፊው ክንፍ

ወንድሜን አልወደውም። ይህን ገና ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ኋላ «እንዴት የገዛ ወንድምህን እንዲህ ትላለህ?» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ። የገዛ ወንድሜ ስለሆነ እኮ ነው። የሰው ወንድም ቢሆን ኖሮ ምን አገባኝ፣ ሰላም ብዬው አልፍ ነበር።

እሱ ነሐስ አቅላጭ ነው፤ እኔ ሰም ሠሪ ነኝ። አባታችን በተወልን ግቢ ውስጥ አንድ ግድግዳ ተካፍለን እንሠራለን። ከግድግዳው ወዲያ የእሱ ምድጃ ሲያጓራ ይውላል፤ ከግድግዳው ወዲህ እኔ ፀሐይ በማትደርስበት ክፍል የጋለ መርፌ ይዤ ሰም ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። የምሠራው አውሬ ነው። አንበሳና ጅብ ማለቴ አይደለም፤ እነሱን የፈለገ ሄዶ ይያቸው። የእኔዎቹ የትም ያልተፈጠሩ ናቸው፦ የዓሣ ቅርፊት የለበሱ ወፎች፣ ቀንዳቸው ከጆሯቸው የበቀለ እባቦች፣ ስድስት እግር እያላቸው መሄድ የሚሰለቻቸው ፍጥረቶች።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኔ አውሬውን በሰም እጨርሰዋለሁ፤ እስከ ቅንድቡ ጠጉር ድረስ። ከዚያ ወንድሜ ይወስደውና በጀሶና በሸክላ አፈር ሸፍኖ ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ሰሙ ቀልጦ በታች በኩል ይወርዳል። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል። ሸክላው ሲሰበር ነሐሱ አውሬ ሆኖ ይወጣል፤ ወንድሜም መሮውን አንስቶ ከእግሩ ሥር የራሱን ስም ይቀርጽበታል። የእኔ ሥራ፣ ባጭሩ፣ ቦታ ለቆ መጥፋት ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። አደባባይ ላይ፣ ባንክ ደጃፍ ላይ፣ የሀብታም ደረጃ ላይ የቆሙ አውሬዎች አሉኝ፤ ሁሉም የወንድሜን ስም ረግጠው ቆመዋል።

«እናንተማ ሰምና ወርቅ ናችሁ!» ብሎ በራሱ ቀልድ የሚስቅ እንግዳ ደግሞ አይጠፋም። ይህን ቀልድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዛቱ አይጣል ነው። ወንድሜ ሁልጊዜ አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ፣ ወርቁ እሱ ነው።

«የኔ ስምስ?» እለዋለሁ እንግዳው ሲሄድ።

«ያንተ ስም ምን ሆነ?»

«ለምን እዚያ ላይ አይጻፍም?»

«ሰሙ ላይ ጻፈው፤ ማን ከለከለህ?» ይለኛል። ሰሙን ሊያቀልጠው እንደሆነ እያወቀ።

የመጨረሻውን አውሬ ያዘዘው አንድ ሆቴል ነው። በመግቢያው ላይ የሚቆም፣ ሰው ሲያየው ክው የሚልለት ነገር ፈለጉ። ወንድሜ ተስማማ፣ እጅ ተጨባበጠ፣ ከዚያ ግድግዳውን በቡጢ ሁለቴ መታው፤ ሥራ መጣ ማለቱ ነው። እንደ ሰው በር አንኳኩቶ መግባት አያውቅም።

እኔም ጀመርኩ። ሰም በጋለ መሣሪያ ለመሥራት ትዕግሥት ያስፈልጋል ሲሉ እሰማለሁ። ውሸት ነው። የሚያስፈልገው ንዴት ነው፣ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ንዴት። መርፌው ከልኩ በላይ ከጋለ ስትደክምበት የከረምከው ቅርፊት ሰምጦ እንዳልነበረ ይሆናል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ሰሙን ይቦጭቀዋል። እኔ ልኩን የማውቀው መርፌውን ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ ነው፤ ከንፈሬ ሳይነካው ልሽሽ ልሽሽ ሲል ደርሷል ማለት ነው። መርፌዎቹንና ከአንድ ጥርስ ሐኪም የለመንኳቸውን መንጠቆዎች በአልኮል መብራት ላይ አግላቸዋለሁ፤ ለቀጫጭኑ መስመር ጫፉ የሚግል የኤሌክትሪክ ብዕር አለኝ። አንዷን የአንገት ቅርፊት ለመሥራት ጠብታ ታስቀምጣለህ፣ ጠርዟን ሳትረጋ ታነሳታለህ፣ መሐሏን ትሰነጥቃለህ፣ ትንፋሽህን ትለቃለህ። ከዚያ ቀጣይዋ። ከዚያ ደግሞ ቀጣይዋ። አንገቱን ስጨርስ የእኔ አንገት መዞር አቁሞ ነበር።

ስድስት እግር ነበረው፤ ስድስቱም ልኩ ያልሆነ ጫማ ያደረገ ይመስል የተንሻፈፈ። አንገቱ የወፍ፣ ጆሮው የጥንቸል፣ ጀርባው ከጭራ እስከ ማጅራት ቅርፊት ብቻ። ማኩረፉን ግን እኔ አላሰብኩትም። አንድ ቀን የታችኛው ከንፈሩ ሳይረጋ ወደ ፊት ወጣና እዚያው ቀረ። ላስተካክለው ብዕሩን አነሳሁና ፊቱን አየሁት፤ ዐይኑን ወደ ጎን አድርጎ፣ ከንፈሩን ጥሎ፣ አትንካኝ የሚል ይመስላል። አልነካሁትም።

የወንድሜ ሚስት ምሳዬን ይዛ ስትገባ አየችውና ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እትዬ ነው የምላት፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ከሁለታችንም ጋር በሰላም የምትነጋገር ብቸኛ ሰው እሷ ናት።

«ውይ! ይሄ ባሌ አይደለም እንዴ?»

«ባልሽ ጭራ አለው?»

«ሲያኮርፍ ቁርጥ ይሄንን ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ደግሞ ወደ አውሬው። «ወይ ደግሞ አንተን። አቤት፣ እናታችሁ እንዴት ብላ አሳደገቻችሁ!»

በዚያው አኩራፊው የሚል ስም ወጣለት።

ከዚያ ክንፉን ሠራሁ። ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ውሃ ውስጥ ነክሬ አወጣና ወዲያው የቀለጠ ሰም ውስጥ አጠልቀዋለሁ። ሳወጣው ከመስታወቱ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሰም ተልጦ ይነሳል። ብዙው ተቀደደብኝ፣ ተጨማደደብኝ፣ ጣቴ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ፤ ተሳደብኩ፣ እንደገና አጠለቅሁ። በመጨረሻ አራት ክንፍ የሚሆን ሳይቀደድ ወጣልኝ። በብዕሩ የደም ሥር አወረድኩባቸውና ትከሻው ላይ በጋለ መርፌ አያያዝኳቸው። መስኮቱ ፊት ሳቆመው ብርሃኑ በክንፉ ውስጥ አልፎ ወደ እኔ መጣ። ክንፉ የማር ቀለም ሆነ፤ የደም ሥሮቹ ጠቆር ብለው ታዩ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዐይኔ እንባ አቀረረ፣ ምን ያስዋሸኛል። ሌላውን ሁሉ ወስዷል፤ ይህንን አልሰጥም አልኩ።

ወንድሜ ሊወስደው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ዞር በል።»

«አይወሰድም።»

«ሆቴሉ እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቅ። ሌላ እሠራልሃለሁ። ይሄ አይቀልጥም።»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየው። ዐይኑ ክንፉ ላይ ቆየ። እንደወደደው አወቅሁ፤ መውደዱ ደግሞ ይበልጥ ደሜን አፈላው።

«ሰም እኮ ነው» አለ። «በመጀመሪያው ሙቀት ጎብጦ ይወድቃል። አንድ ሕፃን በጣቱ ቢነካው አለቀ። ነሐስ ከሆነ ግን የልጅ ልጆችህ ያዩታል።»

«የማንን ስም እያነበቡ?»

«ተጀመረ ደግሞ! ለምን በላዩ ጎማ አፍስሰን ሌላ ቅጂ አናወጣለትም?»

«ጎማው ሲላቀቅ ክንፉን ይዞት ይነሳል። አጥተኸው ነው?»

«እና ዝም ብሎ እዚህ ተጎልቶ ሊኖር ነው?»

«ሬሳዬን ተራምደህ ነው የምታቀልጠው።»

«ሬሳህ ምን ያደርግልኛል፤ እሱም ማኩረፉ አይቀርም» አለና በሩን ወርውሮት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ ገባን። የእኛ ቤት ኩርፊያ የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ አለው። አኩራፊ ቀድሞ አያናግርም፣ አይጠይቅም፣ «ምን አልክ?» እንኳ አይልም። የጠየቀ ተሸነፈ። ድሮ ጋሼ እለው ነበር፤ ያን ሰሞን «ሰውዬው» ሆነ። እሱም እኔን «ያ ሰው» ይለኛል። መልእክት የምታመላልሰው እትዬ ናት።

«እትዬ፣ ሰውዬው ምድጃውን ቀነስ ያድርግ በዪው፤ ግድግዳው እየሞቀ ነው።»

«ያ ሰው ከሞቀው ልብሱን ያውልቅ በዪው» ይላል ከወዲያ፤ ራሱ እየሰማኝ።

«ሁለታችሁም አንድ ቀን ትገድሉኛላችሁ» ትላለች እትዬ፣ መሐል ላይ ቆማ።

ሴትዮዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። በሌላ ከተማ ጋለሪ አላት፤ የወንድሜን ነሐሶች ልታይ መጥታ በር ተሳስታ እኔ ጋ ገባች። አኩራፊው መስኮቱ ፊት ነበር። ይቅርታ ልትል አፏን ከፍታ ወደ ክንፉ ተጠጋች።

«ይሄ ነሐስ ሊሆን ነው?» አለችኝ ቆይታ።

«ወንድሜ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አብዷል እንዴ?»

በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ሰሙን እንዳለ፣ ሰም እንደሆነ፣ ከኋላው መብራት አድርጋ በአንድ ክፍል ለብቻው ልታሳየው ፈለገች። ግድግዳው ላይ የእኔ ስም በትልቁ ይጻፋል አለች። ለቤት ሰው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ኩርፊያ ላይ ነኛ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደወለች። እትዬ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እኔ በሬ ላይ ቆሜ አወራለሁ። ሴትዮዋ የመክፈቻውን ቀን ቆርጣ፣ ለአኩራፊው ምሽት ሙዚቀኞች ልጥራ ወይስ በዝምታ ይለፍ ትለኛለች። ደስታው ራሴ ላይ ወጣ።

«አኩራፊውን? አዎ፣ አስቤበታለሁ» አልኩ እየሳቅሁ። «የምን መቆጠብ ነው! በቃ፣ እናቀልጠዋለን!»

ድግሱን ማለቴ ነው። ሙዚቃ ይኑር፣ ሰው ይጨፍር፣ ቤቱ ይናጥ ማለቴ ነው። ይህንን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል፤ ሰም ሠሪና ነሐስ አቅላጭ የሚኖሩበት ግቢ ሲቀር።

በማግሥቱ እትዬ ምሳ ይዛ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«ሰውዬው ምን አለ መሰለህ? 'እሱ እንዲህ ካለ እኔም አላሳፍረውም፤ ያለኝን ችሎታ ሁሉ አወጣበታለሁ' አለ።»

ስልኩን ሰምታ ስለ ኤግዚቢሽኑ የነገረችው መሰለኝ። ተሸንፎ ሊያግዘኝ፣ መቆሚያውን ምናምኑን ሊሠራልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «ምኑ ላይ ነው ችሎታውን የሚያወጣው?» የምትል አንዲት ጥያቄ በቂ ነበረች። ግን የጠየቀ ተሸነፈ፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የመሸነፍ ሐሳብ አልነበረኝም።

«ስሜ በትልቁ ሲጻፍ ያን ጊዜ እንታረቃለን በዪው» አልኳት።

እትዬ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ሳህኑን ሳታስቀምጥ ወደ ባሏ ሮጠች።

እኔም ለእትዬ የምመለስበትን ቀን ብቻ ነግሬ ወደ ሴትዮዋ ከተማ ሄድኩ። አኩራፊው ቀዝቃዛው ክፍሌ ውስጥ ይቆያል፤ ማጓጓዣ ሣጥኑ እስኪያልቅ ከቦታው ባይነቃነቅ ይሻለዋል። ክፍሌን ቆልፌ አላውቅም፤ የተኳረፍነው እንጂ የተሰራረቅነው የለም። እዚያ አናጢው ውስጡ ስፖንጅ የለበሰ ሣጥን ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነዘነዝኩት። መብራት ሠሪውንም ነዘነዝኩት፤ ክንፉ እንዳይሞቅ መብራቱ ራቅ ማለት ነበረበት። ክፍሉ ነጭ ቀለም ተቀባ። ስሜ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከክንዴ ይረዝማል። ማንም ሳያየኝ ጠጋ ብዬ በመዳፌ ዳበስኩት። ሁለት ሳምንት ይሁን ሦስት አላስታውስም፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሰነበትኩበት ጊዜ ግን የለም።

ሣጥኑን በኪራይ ፒክአፕ ጭኜ ቤት ደረስኩ። ክፍሌ ገባሁ። ጠረጴዛው ባዶ ነበር።

መጀመሪያ ወድቆ ነው ብዬ ከጠረጴዛው ሥር አየሁ። መደርደሪያውን አየሁ፣ ከበሩ ኋላ አየሁ፤ ያን የሚያህል አውሬ ከበር ኋላ የሚደበቅ ይመስል። ከዚያ ኩርፊያዬን ረስቼ ወደ ወንድሜ ክፍል ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ ከሸክላው የሚወርደው ሰም የሚጠራቀምበት ባልዲ አለ። ሰም ረግቶበት ነበር፤ የእኔ ቅልቅል፣ የእኔ ቀለም። አኩራፊው ባልዲው ውስጥ ነበር። ክንፉም፣ ከንፈሩም፣ አንድ በአንድ ያነሳሁት ቅርፊቱም፣ ሁሉም እዚያ ነበር።

«ትንሼ! መጣህ እንዴ?»

ወንድሜ ነው። በልጅነታችን እንጂ ከዚያ ወዲህ ትንሼ ብሎኝ አያውቅም። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ ቆሟል።

«እትዬህ ነገ ነው የሚመጣው ብላኝ እኮ ነው! ገና መወልወል ይቀረዋል፤ ግድ የለም፣ ና፣ ና እይ።» እጄን ይዞ ጎተተኝ። መሐል ወለል ላይ የቆመውን ነገር ሸራውን ገፈፈለት።

እውነቱን ልናገር። በዕድሜው እንደዚያ አቅልጦ አያውቅም። ቅርፊቱ አንድም ሳይጎድል ወጥቷል። የቅንድቡ ጠጉር አለ። ከንፈሩ እንዳኮረፈ ነው። ሌላ ሰው የሠራው ቢሆን ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ እነሳው ነበር። ከዚያ ክንፉን አየሁት።

«ክንፉን ከኋላ ትንሽ አወፍሬዋለሁ» አለ፣ ዐይኔን ተከትሎ። «ነሐስ በዚያ ቅጥነት አይሄድም፤ መሐል ላይ ይረጋል። በራስህ ብዕር ነው የሠራሁት፣ ትንፋሼን ውጬ። ከፊት በኩል ያንተን መስመር አልነካሁም።»

ክንፉ የጫማ ሶል ያህል ወፍሯል። መስኮቱ ከኋላው ነበር፤ ብርሃኑ መጣና ክንፉ ላይ ቆመ። ወዲህ ምንም አልመጣም።

«ዋናውን ገና አላየህም» አለ ወንድሜ። ጎንበስ ብሎ መቆሚያውን በእጅጌው ጠረገው።

ስሜ ነበር። ከእግሩ ሥር የተደበቀ አይደለም፤ ፊት ለፊት፣ በመሮ፣ ጥልቅ ተደርጎ የተቀረጸ፣ ፊደሉ ጣት የሚያህል። ስሜ፣ ቀጥሎ የአባቴ ስም።

«በትልቁ አልክ አይደል? የራሴን የትም አልጻፍኩም። ለሆቴሉ ሰዎችም ነግሬያቸዋለሁ፤ የሠራው ወንድሜ ነው ብያለሁ።»

ሃያ ዓመት የለመንኩት ነገር እዚያ ነበር። ሰሜን ወስዶ ስሜን ሰጠኝ። ፊቴን ወደ ባልዲው አዞርኩ። ወንድሜ ከደስታ ብዛት መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ትከሻዬ ደግሞ የእሱን እጅ አይችልም።

«ማን ነው አቅልጠው ያለህ?» አልኩት።

«አንተ ነሃ! እትዬህ በጆሮዋ ሰማች። 'አኩራፊውን እናቀልጠዋለን' አልክ፣ ያውም እየሳቅህ።»

«ድግሱን ነው ያልኩት።»

«የምን ድግስ?»

ነገርኩት። ሴትዮዋን፣ ነጩን ክፍል፣ ከኋላው የሚበራውን መብራት፣ ደጅ የቆመውን ሣጥን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልቸኮልኩም። እንዲገባው፣ ገብቶትም እንዲያመው አድርጌ ነው የነገርኩት። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። የጀሶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ፤ የታጠበው ሸሚዝ ነጭ አቧራ ሆነ። እትዬ በሩ ላይ ደርሳ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት» አለች፤ ማንም አልጠየቃትም።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አኩርፈሃላ!»

«አንተ ነህ ያኮረፍከው!»

«ይሄ ቁርጥራጭ ብረት የኔ አይደለም» አልኩት። «የኔ ባልዲ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ገድለህ ሬሳው ላይ ስሜን ጻፍክበት። ማን ጻፍልኝ አለህ?»

ብረት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ነሐስ አቅላጭን ሥራህ ብረት ነው ከማለት እናቱን መስደብ ይቀላል። ብድግ አለ። ፊቱ ልክ እንደ አውሬው ሆነ፤ እትዬ እውነቷን ነበር።

«ሃያ ዓመት 'ስሜ፣ ስሜ' እያልክ ጆሮዬን በላኸው» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አንድ ቀን ሰማሁህ። የሰማሁህ ቀን ደግሞ ያልከው ሌላ ነው ተባለ። እሺ። ያንተ ካልሆነ ያንተ አይደለም።»

ነሐስ የሚፍቅበትን ግራይንደር አንስቶ ሶኬቱን ሰካ።

«አንተ ሰው፣ ተው!» አለች እትዬ።

እኔ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ያጥፋው፣ ምን ቸገረኝ አልኩ። የመጀመሪያው ፊደል በብልጭታ ሄደ። ሁለተኛው ሄደ። የጠፋው ቦታ ያንጸባርቃል፤ ከመጀመሪያውም ምንም ያልተጻፈበት ይመስላል። ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም። የስሜን የመጨረሻ ፊደል በልቶ ወደ አባቴ ስም ሲጠጋ እጄ ራሱ ሄደ። እንዴት እንደሄደ አላውቅም። መዳፌን ጽሑፉ ላይ ጫንኩት። ነሐሱ ግሎ ነበርና አቃጠለኝ።

«እጅህን አንሳ!» ብሎ ጮኸ። ዲስኩ ጣቴ አጠገብ እየዞረ ነበር።

«አላነሳም!»

«እቆርጥሃለሁ!»

«ቁረጥ!»

«ያንተ አይደለም አላልክም?»

«ብያለሁ!»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አላነሳም!»

እትዬ ሶኬቱን ነቀለችው። ግራይንደሩ እየጮኸ ቀስ ብሎ ቆመ። እትዬ እንደ ሕፃናት ተቆጣችን፣ የሞተችውን እናታችንን ጠርታ ተቆጣችን። እኛ አልሰማናትም።

መዳፌን ሳነሳ ቆዳዬ ላይ ጥቂት ፊደል ቀልቶ ወጥቷል። ነሐሱ ላይ የቀረው የአባታችን ስም ብቻ ነው። የእኔም ነው፤ የእሱም ነው። ሁለታችንም አየነው። ወንድሜ መሮውን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ከፊቱ የፈለግከውን ጻፍ» አለ።

«አንተ ጻፍ።»

«እኔ አልጽፍም።»

«እኔም አልጽፍም።»

መሮውን መሬት ጣለው። እኔ ወደ ክፍሌ ሄድኩና ለሴትዮዋ ደወልኩላት፤ «ቀለጠ» ስላት ገና ሳይከፈት እንዴት ይቀልጣል ብላ ሳቀች። ለእሷም ማስረዳት ነበረብኝ።

አውሬው እንደዚያው ተወስዶ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ቆመ። አንዳንዴ በዚያ በኩል ሳልፍ ሰዎች ጎንበስ ብለው ጽሑፉን ሲያነቡ አያለሁ። ስሙን ጮክ ብለው ይጠሩታል፤ እንዴት ያለ እጅ ነው ይላሉ፤ ክንፉን ይዳብሳሉ። የሚያደንቁት አባታችንን ነው። አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በዕድሜው ሰምም ነሐስም ነክቶ አያውቅም። አላርማቸውም፣ ወንድሜም አያርማቸውም። በእትዬ በኩል ካልሆነ አሁንም አንነጋገርም።